እንቅልፍ ያጣ ሰው ማንን ይጠይቅ?

ወዳጆቼ፣ አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ለእናታችሁ ያልነገራችሁትን፣ ለህብረት መሪያችሁ ያልነገራችሁትን፣ በጸሎት ርእስ ወረቀት ላይ እንኳ ያልጻፋችሁትን ነገር ለስልካችሁ ነግራችሁት ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን አዎ እንላለን። ለስልክ ብቻ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ እንቅልፍ ማጣት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ፣ የሰፈሩ ውሾች እንኳ ዝም ብለው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የስልኩን ብርሃን ቀንሶ ይጽፋል፦ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ያውም አንድ ሁለት ሳይሆን እልፍ መልስ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለኢንተርኔት ማቅረብ ኃጢአት ነው ወይ ብዬ ልከራከራችሁ አልመጣሁም። ኃጢአት አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የቸገረው ሰው ከሚሰጡት መልሶች መካከል የትኛውን ሊያምን ይገባዋል? መልስ ሰጪውስ ምን ሲያሟላ ነው የሚታመነው? ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ከተከተልነው ስልካችንን ብቻ ሳይሆን እኛንም፣ የወጣት ህብረታችንንም የሚመረምር ሆኖ እናገኘዋለን።

ስልኩን ለምን መረጥነው? ስልክ አይደነግጥም። ፊቱ አይለወጥም። «አንተ ደግሞ ምን ጎድሎህ ነው የምትጨነቀው?» አይልም። እሁድ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያገኘን በአዘኔታ ዓይን አያየንም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ስልክ ፊት አይሠራም። በተለይ መዝሙር የሚመራ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስጠና፣ ሰው ሁሉ «እሱ እኮ ጠንካራ ነው» የሚለው ወጣት ሌሊቱን ጣሪያ ሲያይ እንደሚያድር መናገር ይከብደዋል። ስለ ሰላም እያስተማረ ራሱ ሰላም እንዳጣ የሚታወቅበት ይመስለዋል። ስለዚህ ለማያውቁት ይነግራል፣ ከሚያውቁት ይደብቃል።

ነገሩን በስሙ እንጥራው

አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ሳይተኙ ማደር በሽታ አይደለም። የፈተና ዋዜማ፣ የለቅሶ ሰሞን፣ አዲስ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ማንንም እንቅልፍ ይነሳል። የሕክምና ባለሙያዎች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የሚሉት፣ ሰው ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ቦታ እያለው እንቅልፍ አልወስደው ሲል፣ ወይም በሌሊት እየነቃ መልሶ መተኛት ሲያቅተው፣ ወይም ገና ሳይነጋ ነቅቶ ሲቀር ነው። ይህም በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ቢያንስ ለ3 ወር ሲደጋገምና የቀን ኑሮውን ሲያውክበት ነው።

«በቂ ጊዜና ምቹ ቦታ እያለው» የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉ። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተከታታይ ፊልም አይቶ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ለሥራ የሚነሳ ሰው ለእንቅልፍ ጊዜ አልሰጠውም እንጂ እንቅልፍ አላጣም። የአዳር ጸሎት የሚያድርም ወዶ ነው የነቃው። የእነዚህ ችግርና መፍትሔ ሌላ ነው። እንግዲህ ከስሙ ጀምሮ «እንቅልፍ አጣሁ» የሚለው አንድ አረፍተ ነገር የተለያዩ ነገሮችን ሊይዝ እንደሚችል ታያላችሁ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በመጠየቅ ብቻ ነው።

እንቅልፍ እንዴት እንደሚመጣም ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤይ እ.ኤ.አ. በ1982 እንቅልፍን በሁለት ኃይሎች አስረድቷል። አንደኛው ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ እየጨመረ የሚሄድ የእንቅልፍ ጫና ነው። ይህን ጫና ከሚፈጥሩት አንዱ ቀኑን ሙሉ በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀም አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛው በብርሃንና በጨለማ የሚስተካከል የሰውነት ሰዓት ነው። ቡና የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል፤ ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ይዞ አንጎል ድካሙን እንዳይሰማ ያደርጋል። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነታችን ውስጥ አለ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው 5 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ ሲገላበጥ ግማሹ ቡና ገና አብሮት ነው ማለት ነው።

ከሁለቱ ኃይሎች አንዱም በትእዛዝ አይሠራም። ሩጫ በጥረት ይሻሻላል፣ ጥናትም እንዲሁ። እንቅልፍ ግን ከጥረት ይሸሻል። «አሁን መተኛት አለብኝ» ብሎ ራሱን የሚያስጨንቅ ሰው ልቡ ሲመታ ይሰማዋል፣ ሰዓት ያያል፣ የቀረውን ጊዜ ያሰላል፣ ይበልጥ ይነቃል። እንግዲህ እንዲህ ላለው ሰው «እምነትህን አጠንክርና ተኛ» ስንለው ምን እያደረግን እንደሆነ አስቡ። በጥረት በማይገኝ ነገር ላይ ሌላ ጥረት ጨመርንበት። አሁን መተኛት ብቻ ሳይሆን በመተኛት እምነቱን ማስመስከር ሊኖርበት ነው።

የጀመረውና የሚያቆየው

አሜሪካዊው የእንቅልፍ ተመራማሪ አርተር ስፒልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ጠቃሚ ነገር አስቀምጠዋል። እንቅልፍ ማጣትን ሦስት ዓይነት ምክንያቶች ይሠሩታል አሉ፦ አስቀድሞ ሰውን የሚያጋልጥ ነገር፣ ችግሩን የሚቀሰቅስ ነገር፣ ከዚያም የሚያቆየው ነገር። የቀሰቀሰው ካለፈ በኋላ እንኳ የሚያቆየው ብቻውን ችግሩን ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እናስብ። ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር የምታሰላስል ናት፤ ይህ አጋላጩ ነው። በሁለተኛ ዓመቷ አባቷ ሞቱ፤ ይህ ቀስቃሹ ነው። ከቀብር ተመልሳ ለሳምንታት አልተኛችም፤ የማንም ልጅ የሚሆነው ነው። ያጣችውን ለማካካስ ከሰዓት በኋላ መተኛት ጀመረች። ለክፍል እንድትነቃ ቡና አበዛች። በዶርም ውስጥ ሌላ መቀመጫ ስለሌለ በዚያችው አልጋ ላይ ታጠናለች፣ ትበላለች፣ ስልክ ታያለች፣ ታለቅሳለች። አሁን ዓመት አልፎ ሐዘኑ ረገብ ብሏል። እንቅልፉ ግን አልተመለሰም፤ አልጋዋ የመንቂያ ቦታ ሆኗልና። ቡናው፣ የቀን እንቅልፉ፣ የአልጋው ፍርሃት ችግሩን ያቆዩታል።

ለዚህች ልጅ የሚጠቅመው ሕክምና አለ። ለእንቅልፍ ማጣት ተብሎ የተዘጋጀው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ካስተዋወቀው መንገድ አንዱን ክፍል ይወስዳል፦ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መተው፣ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንቅልፍ ካልመጣ ተነስቶ ጸጥ ያለ ነገር መሥራት፣ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መመለስ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳት። በአልጋ ላይ የሚባክነውን ሰዓት ማሳጠርና ስለ እንቅልፍ ያለንን ፍርሃት መመርመርም አለበት። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ያለባቸው አዋቂዎች ሁሉ ከመድኃኒት በፊት ይህን ሕክምና እንዲያገኙ መክሯል።

ታዲያ ይህች ልጅ ይህ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት በምን ይታወቃል? ስለ አባቷ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ አልጋው የሚጠይቃት ሰው ካላገኘች አይታወቅም። በሌላ ልጅ ላይ ያው የእንቅልፍ ማጣት ከድባቴ፣ ከሚያሠራው በላይ ከሚሠራ የእንቅርት ዕጢ፣ ከሚወስደው መድኃኒት ወይም በእንቅልፍ ጊዜ ከሚቋረጥ ትንፋሽ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ዓይናቸው የቀላ ወጣቶች ናቸው።

ሳይጠይቁ የሚመልሱ

ወደ ስልኩ እንመለስ። በሌሊት ከሚያጋጥሙን መልሶች ብዙዎቹ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሳይጠይቁ ይመልሳሉ። በቴሌግራም መድኃኒት የሚሸጠው ሰው ዋጋና አድራሻ ይነግራችኋል እንጂ ዕድሜያችሁን፣ ሌላ መድኃኒት መውሰዳችሁን፣ እርጉዝ መሆን አለመሆናችሁን አይጠይቅም። የቪዲዮው ተናጋሪ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሻይ ያዛል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንኳ ብዙ ያነበበ ቢሆንም፣ ያልነገርነውን ፊታችን ላይ አያነብም፤ ያልገለጽንለትን አይመረምርም።

ሳይጠይቁ መመለስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ክትትል ጥቅም አላቸው። ነገር ግን ሰውነት ይለምዳቸዋል። ለረጅም ጊዜ የወሰዳቸው ሰው በድንገት ቢያቆም መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም የመሰለ ነገር ሊደርስበት ይችላል። ከአልኮል ወይም ከጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ የሱሰኝነትና የጥገኝነት ማስጠንቀቂያ በጉልህ እንዲጻፍ አዟል። ሻጩ ይህን ሳይነግር ቢሸጥ፣ ገዢው ቢጎዳ፣ ማን ይጠየቃል? የሻጩ ስም እንኳ የውሸት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው የሚያመጣልን ሜላቶኒን ነው። በአሜሪካ እንደ ምግብ ማሟያ ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ተመራማሪዎች በካናዳ ገበያ ከተሸጡ የሜላቶኒን ዓይነቶች 31ዱን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ውጤት፣ በውስጣቸው የተገኘው መጠን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በ83 በመቶ ከሚያንስ እስከ 478 በመቶ እስከሚበልጥ ተለያይቷል። በ8ቱ ውስጥ ደግሞ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሴሮቶኒን ተገኝቷል። ዘመዳችን የላከልን በፍቅር ነው። ፍቅሩ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አያስተካክለውም።

እኛስ?

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሻጮችና ስለ ስልክ ነው፤ ይህን መስማት ቀላል ነው። አሁን ግን ወደ ህብረታችን እንምጣ። አንድ ወንድም ደፍሮ በትንሹ ቡድን መካከል «ሁለት ወር ሆነኝ፣ አልተኛም» ቢል ምን እንለዋለን? አንዱ «ጌታ ለጸሎት ሊያነቃህ ፈልጎ ነው» ይላል። ሌላው «ያልተናዘዝከው ነገር ይኖር ይሆናል» ይላል። ሦስተኛው «ጠላት ነው፣ እንገሥጸው» ይላል። አራተኛው ጥቅስ ይልክለታል። አራቱም ወዳጆቹ ናቸው። አራቱም በቅንነት ተናገሩ። አራቱም ሳይጠይቁት መለሱ።

ከቴሌግራም ነጋዴው ጋር በምን ተለየን? በቅንነታችን። እሱ ገንዘብ ፈልጎ ነው፣ እኛ ግን ወደነው ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን ለዚያ ወንድም በዚያች ሌሊት ልዩነቱ ብዙም ላይታየው ይችላል። ሁለቱም እርሱን ሳያውቁት የተዘጋጀ ነገር ሰጡት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም ወዳጆች ነበሩ። ችግሩ የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ለምን መከራ እንደደረሰበት ያውቁ ነበርና ሊጠይቁት አላስፈለጋቸውም። ኢዮብ ራሱ ሌሊቱ እንደሚረዝምበት፣ እስኪነጋ ድረስ እንደሚገላበጥ ተናግሮ ነበር። ለዚያ ንግግሩ ጆሮ የሰጠ አልነበረም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ተኝታ ሳለች ነቅታ መንቀሳቀስ ያቃታት፣ ደረቷ ላይ አንድ ነገር የተጫናት እህት ብትነግረን ዱካክ ነው ብለን ወዲያው ስም እንሰጠዋለን። ሐኪሞች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነት እንዳይንቀሳቀስ ጡንቻዎች ይለቃሉ፤ አእምሮ ከእነርሱ ቀድሞ ሲነቃ ሰው እየሰማና እያየ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። እንቅልፍ ሲጎድልና በጀርባ ሲተኛ ይበዛል። አብሯት መጸለይ መልካም ነው። ሳንጠይቃት በፍርሃት ላይ ፍርሃት ብንጨምርባት ግን ዛሬ ሌሊት ለመተኛት ትፈራለች፤ ካልተኛች ደግሞ ያው ነገር ይደጋገምባታል።

ጌታ ለምን ጠየቀ?

ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ የታመመ ልጁን ያመጣ አባት አለ። ልጁ በሕዝቡ መካከል ወድቆ እየተንፈራገጠ ሳለ ጌታ ኢየሱስ አባቱን አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ ይህ ነገር ልጁን ከመቼ ጀምሮ እንደያዘው። አባትየውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም በእሳትና በውኃ ውስጥ እንደጣለው ይናገራል። ሐኪም በጤና ጣቢያ ውስጥ ካርድ አውጥቶ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ከመቼ ጀምሮ?

ጌታ ሳያውቅ ቀርቶ አልጠየቀም። ታዲያ ለምን ጠየቀ? ጥያቄ መረጃ ለመሰብሰብ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየናል ብዬ አምናለሁ። አባትየው ስንት ዓመት ብቻውን የተሸከመውን በራሱ አፍ እንዲናገር ቦታ ሰጠው። ኤልያስም ሞት እስኪመኝ ደክሞ ከክትክታው ዛፍ ሥር በወደቀ ጊዜ በቅድሚያ ያገኘው እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በተራራው ላይ ደግሞ ምን እያደረገ እንዳለ ተጠየቀ። ሁሉን የሚያውቀው ጠይቆ ከሰማ፣ ጥቂት የምናውቅ እኛ ሳንጠይቅ የምንመልስበት ድፍረት ከየት መጣ?

በእርግጥ ጥያቄ መስሎ ክስ የሆነም አለ። «ምን ብታደርግ ነው እንዲህ የሆንከው?» የሚለው የጥያቄ ምልክት ይኑረው እንጂ መልሱን በሆዱ ይዞ የመጣ ነው። እውነተኛ ጥያቄ የተጠየቀው ሰው ያልጠበቅነውን እንዲናገር ይፈቅድለታል። ከሰማ በኋላም ጠያቂው ያለ ኃላፊነት አይቀርም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የጠየቀ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት «አሁንስ እንዴት ሆንክ?» ማለት ይኖርበታል። ብዙዎቻችን የማንጠይቀው ለዚህ ይመስለኛል። መልስ ሰጥቶ መሄድ ይቀላል።

«ሌላ በር የሌለውስ?»

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል አንዱ ሊቃወመኝ ይችላል፤ መቃወሙም ትክክል ነው። ከአእምሮ ሐኪም በብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ ወጣት አለ። ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ፣ ከቤት መውጣት የማይፈቀድላት እህት አለች፤ ስልኳ ያላት ብቸኛ በር ነው። «አማኑኤል ሆስፒታል ሄደ» መባልን ፈርቶ የተቀመጠም አለ። እነዚህን ስልካችሁን ዝጉ ማለት ጭካኔ ነው። ስም ሳይጠሩ መጠየቅ ለብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቃል የመናገር ድፍረት ይሰጣል።

እስማማለሁ። በስልክ የሚሰጥ እርዳታ ሁሉ ባዶ አይደለም። የእንግሊዝ የጤናና የእንክብካቤ ጥራት ተቋም፣ በአጭሩ ናይስ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ስሊፒዮ የተባለውን በኢንተርኔት የሚሰጥ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ከእንቅልፍ ክኒን ይልቅ ሊታዘዝ እንደሚችል አጽድቋል። ይህን የጠቀስሁት እንድትገዙት ሳይሆን አሠራሩን እንድታዩ ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ስለ እንቅልፍ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚው በየቀኑ የእንቅልፍ ማስታወሻ ይሞላል፤ ምክሩ በዚያ ላይ ይመሠረታል። ተቋሙም እርጉዝ ለሆኑና ሌላ ሕመም ላለባቸው ሰዎች አስቀድሞ የሐኪም ምርመራ ያስፈልጋል ብሏል። በስክሪን በኩል ቢመጣም የሚጠይቅ እርዳታ ነው።

ስለዚህ መለያው ስልክ መሆን አለመሆኑ ላይ አይደለም። ነጭ ጋውን ለብሶ ቀና ሳይል ማዘዣ የሚጽፍም አለ፤ ከሩቅ ሆኖ በቪዲዮ ግማሽ ሰዓት የሚያዳምጥም አለ። በኢንተርኔት እርዳታ ስትፈልጉ ሦስት ነገር መርምሩ። ከመመለሱ በፊት ጠየቀኝ ወይ? ስሙ፣ ሙያው፣ የሥራ ፈቃዱ ታውቆ ቢሳሳት የሚጠየቅ ነው ወይ? ብብስብኝ ወደ ማን እንደምሄድ ነገረኝ ወይ? ሦስቱንም ያላሟላ መልስ ለዕውቀት ሊነበብ ይችላል፤ ክኒን ለመዋጥ ግን አይበቃም።

ለመጠየቅ ተዘጋጁ

የሚጠይቅ ሰው ስታገኙ እናንተም እውነቱን ለመናገር ተዘጋጁ። ለሁለት ሳምንት በደብተር ላይ መዝግቡ፦ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ እንቅልፍ የወሰዳችሁ ስንት ሰዓት እንደሚመስላችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደነቃችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተነሳችሁ፣ ቡና መቼ እንደጠጣችሁ፣ ቀን ተኝታችሁ እንደሆነ። በሌሊት ሰዓት እያያችሁ አትጻፉ፤ ጠዋት በግምት ይበቃል። ለፈተና ብሎ ጫት የቃመ፣ ከጓደኛው ክኒን የወሰደ፣ መጠጥ የቀመሰ ይህንን ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪም የታካሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እናንተ የሸሸጋችሁትን ግን ሊያክም አይችልም።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻችሁ እንደሚቋረጥ አብሯችሁ የሚያድር ሰው ከነገራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ማታ ማታ እግራችሁ ካላንቀሳቀሳችሁት አላስቀምጥ ካላችሁ ተመርመሩ፤ ከብረት እጥረት ጋር ሊያያዝ ይችላል። ሰው ለቀናት ሳይተኛ ምንም ካልደከመው፣ ንግግሩና ሐሳቡ ከተጣደፈ፣ ይህን «መንፈሳዊ ብርታት» ብላችሁ አትለፉት፤ ቶሎ መታየት አለበት። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ የቤት ሰው ቀስቅሳችሁ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በሌሊት ሰው መቀስቀስ ነውር አይደለም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ እግዚአብሔርን አለመታመን ነው የሚል ካለ፣ ሕዝቅያስ ሊፈወስ ቃል ከተሰጠው በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ ማዘዙን ያስታውስ። ተስፋውን የሰጠው አምላክ በለሱን አልናቀም።

ለህብረት መሪዎችና ለወዳጆችም አንድ ነገር ልበል። የጸሎት ርእስ ሆኖ የተነገረ ነገር በማግስቱ በሰፈር ከተሰማ፣ ወጣቱ ሁለተኛ አይነግራችሁም፤ ተመልሶ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ ልንወቅሰውም አንችልም። የሰማችሁትን ጠብቁ። የማታውቁትን አታውቁም በሉ። ጤና ጣቢያ ለመሄድ የፈራውን አብራችሁት ሂዱ፤ ወረፋው ላይ አብራችሁት ተቀመጡ። ሪፈር ከተጻፈለት የትራንስፖርት ገንዘብ እንዳለው ጠይቁ። ከዚያም ጸልዩለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በህብረታችሁ ውስጥ ዓይኑ የደከመ ሰው ይኖራል። መዝሙሩን ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ የሚዘምረው እርሱ ሊሆን ይችላል። ሲወጣ ጠብቁት፤ ወደ ታክሲው አብራችሁት ሂዱ። ጥቅሱን ለጊዜው በኪሳችሁ አቆዩትና «ደክመህ አየሁህ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው?» በሉት። መልሱ ሊረዝም ስለሚችል የመጀመሪያው ታክሲ ቢያመልጣችሁም አትቸኩሉ።